መጀመሪያ በባዶ እጅ ይሂዱ፦ የጋራ ላቦራቶሪ ለሚጠቀሙ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ጤፍ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ቤት ውስጥ ይለቀማል፣ ይነፋል፣ ይበጠራል። ይህ ሳይሆን ከቀረ ወፍጮው ጠጠሩን ለይቶ አያስቀርም፤ ከእህሉ ጋር አብሮ ይፈጨዋል። ባለወፍጮው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ድንጋዩም አዲስ የተወቀረ ቢሆን፣ እንጀራው ጥርስ ላይ ቅጭ ማለቱ አይቀርም። ከፊት ያለው ሰው በርበሬ አስፈጭቶ ወፍጮው በደንብ ሳይጸዳ ተራው ከደረሰዎት ደግሞ ዱቄትዎ በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

የጋራ ላቦራቶሪም የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። አንድ ተመራማሪ ወይም አንድ የትምህርት ክፍል ለብቻው ገዝቶ፣ አስጠግኖና ባለሙያ ቀጥሮ ሊያኖራቸው የማይችላቸው መሣሪያዎች በአንድ ቤት ይሰባሰባሉ፤ ተመራማሪው ተራ ይዞና ሒሳብ ከፍሎ ይጠቀምባቸዋል። ብዙዎች ኮር ላቦራቶሪ ወይም ኮር ፋሲሊቲ ይሉታል። በአገራችንም ብዙ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን የሚሠሩት በሌላ ተቋም ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በአለርት ግቢ የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ናሙና ይዘው ከሚሄዱባቸው ቤቶች መካከል ናቸው። በናይሮቢም በዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ኢንስቲትዩት ግቢ የተቋቋመው የቤካ ማዕከል የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ተመራማሪዎች መሣሪያና ሥልጠና በጋራ እንዲያገኙ ታስቦ የተመሠረተ ነው።

በእንዲህ ዓይነት ላቦራቶሪ ናሙና ከሚረከቡት ባለሙያዎች አንዷ ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ። እስከ ዛሬ የማልረሳው ቀን አለ። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ከገጠር ጤና ጣቢያዎች የሰበሰበችውን 60 ቲዩብ ደም በበረዶ ሳጥን ይዛ መጣች። ሥራዋ ፒሲአር ነበር። ሳጥኑን ስከፍት የሁሉም ቲዩብ ክዳን አረንጓዴ ነው፤ ሄፓሪን ማለት ነው። ሄፓሪን ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ የፒሲአሩን ኢንዛይም ግን ሥራ ያስቆመዋል። ሐምራዊ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ ቲዩብ ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም። ሄፓሪኑን ለማስወገድ ብዙ ደከምን፤ የዳነው ጥቂቱ ብቻ ነው። ልጅቷ ያጠፋችው ጥፋት የለም፤ ደም ከመቀዳቱ በፊት መጥታ እንድትጠይቀን የነገራት ሰው ስላልነበረ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ያ ሳጥን ከፊቴ ስላልጠፋ ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ የተበላሸ ናሙናም እንደዚያው ነው።

1. ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«ሲኩዌንሲንግ መሥራት እፈልጋለሁ» የምርምር ጥያቄ አይደለም፤ የመሣሪያ ምኞት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የብልሃርዚያ ተሸካሚዎች ናቸው። እንዶዱ ይሆን የገደላቸው? የሚለው ጥያቄ ቀደመ፤ ቤተ ሙከራው ተከትሎ መጣ። የእርስዎም ሥራ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ።

ሥራዎ ቁንጭር በተባለው የቆዳ ቁስል ላይ ነው እንበል። በአገራችን አብዛኛውን ቁንጭር የሚያመጣው ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ የተባለው ጥገኛ ተሕዋሲ ነው። ከዚህ አንድ በሽታ የሚነሱ ጥያቄዎች ወደተለያዩ ክፍሎች ይወስዱዎታል፦

- «በታካሚው ደም ውስጥ የትኞቹ የመከላከያ ሴሎች ስንት ስንት ናቸው?» ካሉ መንገድዎ ፍሎው ሳይቶሜትሪ ነው። ሴሎች በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ አንድ በአንድ በሌዘር ፊት እያለፉ ይቆጠራሉ። በኤችአይቪ ክትትል የሲዲ4 ቆጠራ የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው።
- «ተሕዋሲው በቁስሉ ውስጥ አለ ወይ? የትስ ተቀምጧል?» ካሉ ማይክሮስኮፕ ይበቃዎታል። በሴል ውስጥ የሚኖረው የተሕዋሲው ቅርጽ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ስፋት አለው፤ ጥሩ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ደግሞ እስከ 0.2 ማይክሮሜትር ድረስ ይለያል። ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ መጠየቅ ገንዘብ ማባከን ነው።
- «ዝርያው የትኛው ነው?» ካሉ ፒሲአር ወይም የአንድ አጭር የዲኤንኤ ክፍል ሲኩዌንሲንግ ይመልስልዎታል።
- «ቶሎ በሚድንና በማይድን ቁስል ውስጥ ሥራ ላይ ያሉት ጂኖች ይለያያሉ?» ካሉ የአርኤንኤ ሲኩዌንሲንግ ያስፈልጋል። የሚፈልጓቸው ጂኖች ሦስት ወይም አራት ብቻ ከሆኑና አስቀድመው ካወቋቸው ግን መጠን የሚለካው ፒሲአር በጥቂት ወጪ ያደርስዎታል።
- «የትኞቹ ፕሮቲኖች ጨመሩ፣ የትኞቹ ቀነሱ?» ካሉ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ክፍል ይሄዳሉ።

ዓረፍተ ነገሩ ሳይጻፍ መሣሪያ አይምረጡ። ከተጻፈ በኋላ ደግሞ የመሣሪያውን ምርጫ ለባለሙያው ይተዉለት።

2. በባዶ እጅ ይሂዱ

በባህላችን ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። የጋራ ላቦራቶሪ ግን በመጀመሪያው ቀን በባዶ እጅ የሚኬድበት ቤት ነው። ናሙና ሳይሰበስቡ፣ ፕሮፖዛሉም ሳይጸድቅ፣ ገና ሊቀየር በሚችልበት ጊዜ ይሂዱ። በብዙ ቦታ ይህ የመጀመሪያ ምክክር ክፍያ የለውም፤ ለእኔ ግን ላቦራቶሪው ከሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

አንድ ገጽ ይዘው ይሂዱ። በላዩ ላይ ጥያቄዎ፣ የናሙናው ዓይነትና ግምታዊ ብዛት፣ የሚሰበሰብበት ቦታ ከላቦራቶሪው ያለው ርቀት፣ ናሙናው ሊይዝ የሚችለው ተላላፊ በሽታ፣ ያለዎት ገንዘብና ሥራው የሚያልቅበት ቀን ይስፈሩ። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ አይፈሩ፤ ትንሽነቱን ቀድሞ የሰማ ባለሙያ ለትንሹ የሚሆን ዕቅድ ያወጣልዎታል።

ከዚያ የሚከተሉትን ጠይቀው መልሱን ይጻፉ፦

- ናሙናው በምን ቲዩብ ወይም በምን ማቆያ ይወሰድ? ክዳኑ ምን ዓይነት ቀለም ነው?
- ከተቀዳ በኋላ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በስንት ዲግሪ መድረስ አለበት?
- ቢያንስ ስንት መጠን ያስፈልጋል? ሥራው ቢደገምስ?
- ከናሙናው ጋር ምን ዓይነት መቆጣጠሪያ ናሙና ላቅርብ?
- መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ ጥገናና ልኬት የተደረገለት መቼ ነው? ቢበላሽ አማራጩ ምንድን ነው?
- ሪኤጀንቱ አገር ውስጥ አለ ወይስ ይታዘዛል? ስንት ወር ይፈጃል?
- መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ በጄኔሬተር ይሠራል ወይ? ማስጠንቀቂያውስ ማን ጋ ይደርሳል?
- ውጤቱን በምን መልክ ትሰጡኛላችሁ? ስንት ጊዜስ ታስቀምጡልኛላችሁ?

ከአማካሪዎ ጋር አብረው ቢሄዱ ደግሞ ይመረጣል። ተማሪው «እሺ» ብሎ የወጣበት ነገር በኋላ በአማካሪው ሲሻር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

3. ፈቃዱን ናሙናው ሊሄድበት እስከሚችለው ድረስ ያስረዝሙ

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ደብዳቤ ከሌለ ላቦራቶሪው ናሙናውን ሊረከብዎት አይገባም። ደብዳቤው ቢኖርም ጥያቄው እስከ ምን ድረስ ይፈቅዳል የሚለው ነው። ታካሚው የተስማማው ለአንድ ምርመራ ብቻ ከሆነ የተረፈውን ደም ለሌላ ጥናት ማስቀመጥ አይቻልም። ስምምነቱ ናሙናው እንደሚቀመጥ፣ ለስንት ዓመት እንደሚቀመጥ፣ ዘረመሉ እንደሚነበብ፣ ወደ ሌላ ተቋም ወይም ወደ ውጭ አገር ሊላክ እንደሚችል በግልጽ ይናገር። ታካሚው በሚገባው ቋንቋ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ምስክር ባለበት ይነበብለት።

ናሙናው ከተቋም ወደ ተቋም ሲሄድ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ይፈረማል። በእሱ ላይ ናሙናው የማን እንደሆነ፣ ለምን ብቻ እንደሚውል፣ የተረፈው ይመለስ ወይስ ይወገድ፣ ውጤቱን ማን እንደሚያትም ይሰፍራል። ሥራዎ ከእፅዋት፣ ከእንስሳት ወይም ከደቂቅ ሕዋሳት የተገኘ የዘረመል ሀብትን ወደ ውጭ መላክን የሚነካ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን ያንብቡ፤ ኢትዮጵያ የናጎያ ፕሮቶኮል አባል አገር መሆኗንም አይርሱ። የታካሚ መረጃን አያያዝ በተመለከተ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። እነዚህ ወረቀቶች ወራት ሊወስዱ ስለሚችሉ ከሥራው ሁሉ ቀድመው ይጀምሯቸው።

4. ሒሳቡን ከነመድገሚያው ያስሉ

ዋጋ ሲጠይቁ «በናሙና ስንት ነው?» ብቻ ብለው አይመለሱ። ዋጋው ዲኤንኤ ማውጣትን ይጨምራል? የጥራት ምርመራውንስ? የዳታ ትንተናውንስ? አንዱ ቤት በናሙና፣ ሌላው በሰዓት ያስከፍላል፤ የውስጥ ተጠቃሚ፣ የውጭ ዩኒቨርሲቲና የንግድ ድርጅት የተለያየ ተመን ሊኖራቸው ይችላል። ናሙናው ሳይሠራ ቢቀር ጉድለቱ የመሣሪያው ሲሆን ማን ይከፍላል? የናሙናው ሲሆንስ? ይህን በጽሑፍ ያስቀምጡ።

40 ታካሚ ካለዎት የሚከፍሉት ለ40 አይደለም። መቆጣጠሪያ ናሙናዎች፣ የሙከራ ዙርና የሚደገሙት ይጨመራሉ። ሪኤጀንት ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ከሆነ ትእዛዙ ዘግይቶ ሊደርስ፣ ሲደርስም የአገልግሎት ዘመኑ ሊያልቅ የተቃረበ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሪኤጀንቱ ፍሪጅ ውስጥ መግባቱ ሳይረጋገጥ የናሙና መሰብሰቢያውን ቀን አይቁረጡ።

5. ጥቂት ናሙና እስከ መጨረሻው አስኪደው ይሞክሩ

አንድን ደም ሦስት ጊዜ መለካት ሦስት ሰው መለካት አይደለም። የመጀመሪያው መሣሪያው ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ይነግርዎታል፤ ስለ በሽታው የሚነግርዎት ሁለተኛው ነው። ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ያማክሩ።

የአደራደሩም ነገር ቀላል አይደለም። የታካሚዎቹን ናሙና ሰኞ፣ የጤነኞቹን ሐሙስ ካሠሩ በመካከላቸው የሚያዩት ልዩነት የበሽታው ይሁን የሰኞና የሐሙስ መለየት አይቻልም። ሪኤጀንት ይቀየራል፣ ሙቀት ይለዋወጣል፣ የሚሠራው ሰው ይለያያል። በእያንዳንዱ ዙር ታካሚም ጤነኛም ተደባልቀው ይግቡ፤ ቅደም ተከተሉን ዕጣ ያውጣው።

ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት አራት ወይም አምስት ናሙና በሙሉ መንገዱ ያስኪዱ፦ ከክሊኒኩ ይቀዳ፣ ይጓጓዝ፣ ይቀመጥ፣ ይሠራ፣ ዳታው ኮምፒውተርዎ ላይ ተከፍቶ ይታይ። በዚህ ጊዜ የሚያጡት አምስት ናሙና ነው፤ ያለ ሙከራ የገባ ሰው ግን ሁሉንም ሊያጣ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ደም ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።

6. ናሙናውን እንደ ሥራው ዓይነት ይውሰዱ

ከዚህ በታች ያለው አጠቃላይ መነሻ ነው፤ የላቦራቶሪዎ መመሪያ የተለየ ነገር ካዘዘ እሱን ይከተሉ።

ለፒሲአርና ለዲኤንኤ፦ ደሙን በኢዲቲኤ ቲዩብ ይውሰዱ፤ ቲዩቡን ቀስ ብለው ደጋግመው ይገልብጡት እንጂ አይናጡት። ዲኤንኤው ከወጣ በኋላ የንጽሕና መለኪያው፣ ማለትም የ260 እና የ280 ናኖሜትር ንባብ ንጽጽር፣ 1.8 አካባቢ ይሁን። ናኖድሮፕ በተባለው መለኪያ ላይ ብዙ የመሰለ ዲኤንኤ ኩቢት በተባለው ላይ ጥቂት ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ። ናኖድሮፕ በዚያ የብርሃን ሞገድ የሚታየውን ሁሉ፣ አርኤንኤንም ጨምሮ ይቆጥራል፤ ኩቢት ግን ከሚፈለገው ሞለኪውል ጋር ብቻ በሚጣበቅ ቀለም ይለካል። ለሲኩዌንሲንግ የኩቢቱን ቁጥር ይመኑ።

ለአርኤንኤ፦ ከሁሉ የሚፈጥነው የአርኤንኤ መበላሸት ነው። የሚያፈርሰው ኢንዛይም በጣታችን ላይ ሳይቀር አለ፤ ጓንት ሳያደርጉ አይንኩ። ናሙናው ወዲያው ወደ ማቆያ ፈሳሽ ወይም ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይግባ። አርኤንኤሌተር የተባለውን ማቆያ የሚጠቀሙ ከሆነ ፈሳሹ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ቁራጩ ቢያንስ በአንድ ጎኑ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ አንድ ሌሊት በ4 ዲግሪ ካደረ በኋላ ፈሳሹ ተጠንፍፎ ወደ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተላለፋል። ላቦራቶሪው የሚሰጠው የጥራት ነጥብ ከ1 እስከ 10 ነው፤ ብዙዎቹ ለሲኩዌንሲንግ 7 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ።

ለማይክሮስኮፕ፦ የባዮፕሲው ቁራጭ በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ ፎርማሊኑ የቁራጩን ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ከአንድ ቁስል ለአርኤንኤም ለማይክሮስኮፕም የሚፈልጉ ከሆነ ቁራጩን እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ለሁለት ይክፈሉት። ፎርማሊን የገባው ክፍል አርኤንኤው ስለሚጎዳ በኋላ «ከዚያው ቆርሰን እንጠቀም» ማለት አያዋጣም። በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ የሚታይ ከሆነ 0.17 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የመስታወት ክዳን ይጠቀሙ፤ አብዛኞቹ ጥራት ያላቸው ሌንሶች የተሠሩት ለዚያ ውፍረት ነው።

ለሕያው ሴሎች፦ ሄፓሪን እዚህ ቦታው ነው። የመከላከያ ሴሎችን ነጥለው የሚያስቀምጡ ከሆነ ደሙን በረዶ ውስጥ አይክተቱት፤ በክፍል ሙቀት ያቆዩትና በ8 ሰዓት ውስጥ ለመጨረስ ይጣሩ። ሴሎቹ 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ ባለው ፈሳሽ ውስጥ፣ በየደቂቃው 1 ዲግሪ ገደማ እየቀነሱ ይቀዘቅዛሉ። 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያለው ፍሪዘር ለእነዚህ ሴሎች መሸጋገሪያ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩበት ቤት ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው።

ለሁሉም የሚሆን ምክር ደግሞ ይኸው፦ ናሙናውን ከማቀዝቀዝዎ በፊት በትንንሽ ቲዩቦች ይከፋፍሉት። በተደጋጋሚ የቀለጠና የቀዘቀዘ ናሙና በየጊዜው ይጎዳል። ቢቻል ግማሹን በአንድ ፍሪዘር፣ ግማሹን በሌላ ያስቀምጡ፤ አንዱ መብራት ጠፍቶበት ቢያድር የልፋትዎ ግማሽ ይተርፋል።

7. ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያስተካክሉ

ይህ ክፍል ለእኛ የተለየ ትርጉም አለው። ሦስት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው ስም ነው። ኃይሉ፣ ሃይሉና ሐይሉ ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ናቸው። ስም በቲዩብ ላይ መጻፍ የታካሚውንም ምስጢር ያወጣል። ለእያንዳንዱ ሰው ኮድ ይስጡ፤ ኮዱን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ከናሙናው ተለይቶ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ቀን ነው። የክሊኒኩ ካርድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የላቦራቶሪው ሶፍትዌር በፈረንጆች ይሠራል። ልዩነቱ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። የትውልድ ዘመኑ በኢትዮጵያ፣ የናሙናው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ከተመዘገበ የ5 ዓመት ሕፃን የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ሆኖ ይወጣል። ለጥናቱ አንድ አቆጣጠር ይምረጡ፤ ዓመቱን አስቀድመው፣ ከዚያ ወሩን፣ ከዚያ ቀኑን ይጻፉ፤ በየገጹ ራስጌ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው አይጉደል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። የቀጠሮ መያዣው ከጠዋቱ 9፡00 ካለ እኛ 3 ሰዓት የምንለው ነው፤ ከቀትር በኋላ 3፡00 ካለ ደግሞ እኛ 9 ሰዓት የምንለው ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ስለሚገለባበጡ ስሕተቱ ለዓይን አይታይም፤ ሰውየው ግን በስድስት ሰዓት ይስታል። በስልክ ሲቀጣጠሩ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» ይበሉ፤ ሲጽፉ በ24 ሰዓት አጻጻፍ ይጠቀሙ።

ለጽሑፉ አልኮልና ቅዝቃዜ የማያጠፋው ማርከር ወይም የታተመ መለያ ይጠቀሙ። መለያው በቲዩቡ ገላ ላይ ይሁን፤ ክዳን ላይ ብቻ የተጻፈ ክዳኑ ሲቀያየር አብሮ ይቀያየራል።

8. ናሙናውን በሰላም ያድርሱ

በሽታ ሊያስተላልፍ የሚችል የምርመራ ናሙና በሦስት ድርብ ይታሸጋል፦ የማያፈስ ቲዩብ፤ እሱን የሚይዝና ፈሳሽ የሚመጥ ነገር ያለበት ሁለተኛ የማያፈስ ዕቃ፤ ከዚያ ጠንካራ የውጭ ሳጥን። በአውሮፕላን ሲሄድ ከናሙናዎቹ አብዛኞቹ የሚታወቁት በዩኤን 3373 መለያ ነው፤ ለደረቅ በረዶ ደግሞ የዩኤን 1845 መለያ ይለጠፋል። ደረቅ በረዶ 78.5 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን እየተነነ ወደ ጋዝ ይለወጣል። በጥብቅ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከታሸገ ዕቃውን ሊያፈነዳ ይችላል፤ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ ተሳፋሪዎችን ሊያፍን ይችላል። ሾፌሩ ይህን ይወቅ።

ደረቅ በረዶ በማይገኝበት ቦታ ሥራው አይቆምም። ለአንዳንድ የዲኤንኤ ምርመራዎች በማጣሪያ ወረቀት ላይ ተንጠባጥቦ በደንብ የደረቀ ደም፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ታሽጎ በክፍል ሙቀት ሊጓዝ ይችላል። ይህም በመጀመሪያው ምክክር የሚወሰን ነገር ነው።

ዓርብ አይላኩ። በዓውደ ዓመት ዋዜማም አይላኩ፤ የእኛንም የተቀባዩንም አገር በዓል ይመልከቱ። የሚረከበው ሰው ስልክ በሳጥኑ ላይ ይኑር፤ የናሙናዎቹ ዝርዝር አንዱ ቅጂ በሳጥኑ ውስጥ፣ አንዱ በእጅዎ ይሁን። ሲደርስ እየቆጠሩ ይረካከቡ፤ የደረሰበት ሰዓትና ሙቀት ተጽፎ ይፈረም።

9. ተራዎ ሲደርስ ከእርስዎ በኋላ ያለውን ሰው ያስቡ

መሣሪያውን ራስዎ የሚያንቀሳቅሱ ከሆነ ሥልጠናውን ጨርሰው ፈቃድ ያግኙ። «ጓደኛዬ አሳይቶኛል» ሥልጠና አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያን እንደማሳደግ ያሉ ሥራዎች ከፍተኛ የደኅንነት ደረጃ ባለው ክፍል ብቻ እንደሚሠሩ ያስታውሱ፤ ናሙናው የያዘውን ነገር ከባለሙያው መደበቅ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ነው።

ለፍሎው ሳይቶሜትር ሴሎቹን 40 ማይክሮሜትር አካባቢ በሆነ ወንፊት ያጥልሉ፤ የተጓጎለ ሴል ቱቦውን ይዘጋል። ለእያንዳንዱ ቀለም በዚያ ቀለም ብቻ የተነከረ ናሙና፣ እንዲሁም ምንም ያልተነከረ ናሙና ይዘው ይምጡ፤ ያለ እነዚህ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ የሚያንጸባርቀውን መለየት አይቻልም። በማይክሮስኮፕ ላይ የዘይት ሌንስ ከተጠቀሙ ዘይቱ ደረቁን ሌንስ እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ በሌንስ ወረቀት ብቻ ይጥረጉ፤ ሶፍትና ጨርቅ ይጭራል።

ሲጨርሱ መሣሪያውን በታዘዘው ፈሳሽ ያጥቡ፤ የቆሻሻ ጋኑን ይመልከቱ፤ በመዝገቡ ላይ ስምና ሰዓት ይጻፉ። ያልተለመደ ድምፅ ከሰሙ ወይም አንድ ነገር ከሰበሩ ዝም ብለው አይውጡ። የተነገረ ብልሽት ዛሬ ሊጠገን ይችላል፤ የተደበቀው ግን የሌላውን ተማሪ ናሙና ይዞ ይጠፋል። መምጣት ካልቻሉም ቀድመው ይሰርዙ፤ ባዶ የቀረ ሰዓት ለሌላ ሰው ይበቃ ነበር።

10. ጥሬውን ዳታ ይረከቡ

ያማረ ሥዕልና የተጨመቀ ሠንጠረዥ ብቻ ተቀብለው አይሂዱ። መሣሪያው ያወጣውን ጥሬ ፋይል፣ የተሠራበትን ቅንብር፣ የሪኤጀንቱን የምርት ቁጥርና የጥራት ዘገባውን ይረከቡ። ከውጤቱ በፊት መቆጣጠሪያዎቹን ይዩ፦ ውኃ ብቻ የገባበት ቲዩብ ውጤት ካሳየ የሌሎቹን ማመን አይቻልም። በርበሬው ዱቄቱ ውስጥ ገብቷል።

የአንድ ሰው ሙሉ ጂኖም በ30 እጥፍ ሽፋን ሲነበብ ፋይሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ሊደርስ ስለሚችል በፍላሽ ይዤ እወጣለሁ ብለው አያስቡ። ሦስት ቅጂ ይኑርዎ፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፤ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። ከገለበጡ በኋላ ፋይሉ ሳይጎድል መተላለፉን በቼክሰም ያረጋግጡ። ላቦራቶሪዎች ዳታን ለዘላለም አያስቀምጡም፤ የሚሰረዝበትን ቀን ቀድመው ይወቁ።

11. የሠራውን ሰው በስሙ ይጥሩ

ጽሑፍዎ ሲታተም ላቦራቶሪውን በምስጋናው ክፍል ይጥቀሱ። ባለሙያው ሙከራውን አብሮ ያቀደ፣ ውጤቱን የተረጎመ፣ ጽሑፉንም ያረመና የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀ፣ ለሥራውም አብሮ ኃላፊነት የሚወስድ ከሆነ ግን ቦታው በደራሲዎቹ ዝርዝር ውስጥ ነው። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መመዘኛዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። «ከፍለናል» ማለት ይህን ዕዳ አይሽረውም። ነገሩን በመጀመሪያው ምክክር ላይ ማንሳት በኋላ ከመቀያየም ያድናል። ምስጋናው ለላቦራቶሪውም ኑሮ ነው፤ ኃላፊዎቹ የሚቀጥለውን በጀት ሲጠይቁ የሚያቀርቡት ማስረጃ እሱ ነው።

በውጭ አገር ላቦራቶሪዎች ለምትሠሩ ወገኖችም አንድ ቃል አለኝ። ያገለገለ መሣሪያ ወደ አገር ቤት ለመላክ ስታስቡ መጀመሪያ ተቀባዩን ጠይቁ፦ ሪኤጀንቱ እዚህ ይገኛል? መለዋወጫውስ? የሚጠግነው ሰው ማን ነው? በአሜሪካ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ መሣሪያ በእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ይሠራል? መልሱ አይሆንም ከሆነ ሌላ የምትሰጡት ስጦታ አለ፤ አንድን ቴክኒሻን ከራሳችሁ ላቦራቶሪ ጋር አገናኝታችሁ ማሠልጠን ነው። የሠለጠነ ሰው በመሣሪያው ዕድሜ ላይ ዓመታት ይጨምራል።

ወደ ቁንጭሩ ልመለስ። ይህ ቁስል ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፊት ላይ ነው። ከዚያ ቁስል ባዮፕሲ እንዲወሰድ የፈቀደ ሰው ከፊቱ ቆርሶ ሰጥቶናል። ቲዩቡ ስለተሳሳተ ወይም ዓርብ ስለተላከ ናሙናው ቢበላሽ ተመልሰን «እንደገና ስጠን» ልንለው አንችልም፤ ብንለውም ደግመን ማሳመም ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ያንን አንድ ገጽ ይጻፉ። ስልክ ደውለው ቀጠሮ ይያዙ፤ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ ሳጥንም ቲዩብም ሳይዙ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይዘው ይሂዱ።